የእቴቴ ሕመም ከአስር ስንት?

ጎጃም፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ ሐመልማል፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ስልኩም ኔትወርኩም ከጠፋ ወዲህ የመርካቶ ወሬ የሚደርሰኝ በዘመድኩን አይሱዙ ከሳሙናና ከዘይት ጋር ተጭኖ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን በር ላይ ጡሩምባ እየነፋ ያጣድፈኛል።

"ጎረቤታችን ሐዋ ማህፀኗ ላይ እጢ ተገኝቶባት ሆዷ ሊከፈት ነው፤ ለሕመሙ የሚሻለው የቱ ነው?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሥራዬ ሰመመን መስጠት ስለሆነ ደስ ብሎኝ ልመልስልሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ሐዋ ጨጓራ አለባት ትያለሽ። ግፊትም አለባት። ስትስቅ ሳል ያፍናታል። መርፌ ሲነሳ ቤተሰቡን በሙሉ ታኮርፋለች። በዚያ ላይ ስድሳ ሊሞላት ነው። ሐመልዬ፣ ሐዋ እኮ የክፍል ጓደኛዬ ናት! አምና ሠርጓ ላይ አብረን ጨፍረናል። በአንድ ዓመት ውስጥ ስድሳ የሞላት ምን ብትበላ ነው?

ይሄ ሆድ የእቴቴ ነው። የገዛ እናቴ ሆዷ ሊከፈት ነው፤ አንቺ ደግሞ ሥራዋ ይኸው የሆነችውን ልጇን በጎረቤት ስም ታማክሪያለሽ። ምን ባደርጋችሁ ነው?

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ልመልስልሽ። አንዱ መንገድ ሙሉ በሙሉ አስተኝተው ቀዶ ጥገናውን ይሠሩና፣ ከነቃች በኋላ "አመመኝ" ባለች ቁጥር መርፌ መስጠት ነው። ብዙ ቦታ የሚደረገው ይሄ ነው። ችግሩ "አመመኝ" የሚል ሰው ይፈልጋል፤ እናታችን ደግሞ በዕድሜዋ "አመመኝ" ብላ አታውቅም። ሁለተኛው ከጀርባዋ ወግተው ከደረቷ በታች ያለውን ማደንዘዝ ነው። ትንሽ ሞርፊን ከተጨመረበት እስከ ማግስቱ ድረስ ያስታግስላታል፤ ያሳክካታል፣ ሊያቅለሸልሻትም ይችላል፤ እሱ ግን ያልፋል። ሦስተኛው ደግሞ የሆዷን ግድግዳ ከግራና ከቀኝ ወግቶ ማደንዘዝ ነው። የተቆረጠውን ቆዳና ጡንቻ ዝም ያሰኛል እንጂ የውስጡን ሕመም ብዙም አይነካውም። ለእሷ የጀርባው ከነሞርፊኑ ይሁንላት። ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ግን እንዳይሰጧት፤ ጨጓራዋን ሊያደማው ይችላል፤ ተናገሪ።

ልመጣ አልችልም። እዚህ ሆስፒታል ሰመመን የምሰጥ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ በሌለሁበት ቀን ምጥ የጠናባት ሴት ብትመጣ፣ ሐኪሙ ቢላውን ይዞ ቆሞ ያያታል። ይሄንንም ስለምታውቁ ይሆናል የደበቃችሁኝ።

ቀኑ መቼ ነው? "አትንገሯት" ያለውስ ማን ነው? በሚቀጥለው ጉዞ መልስ ካልመጣልኝ ዘመድኩንን አግቼ አስቀረዋለሁ።

መቅደስ


መርካቶ፣ ጥር 20

መቅዲዬ፣

ገና ደብዳቤውን ሳልከፍተው ዘመድኩን "እህትሽ ፊቷ ጥሩ አልነበረም" ሲለኝ እንደተነቃብኝ ገባኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔስ ምን ላድርግ? "ለመቅደስ እንዳይነገራት" ብሎ የወሰነው አጎትሽ ጋሼ ካሳ ነው። "ልጅቷ ሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ሰው እያደነዘዘች እጇ ቢንቀጠቀጥስ? የአንዲት እናት ነፍስ ልናስጠፋ ነው?" አለ። ሁሉም እውነቱን ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እቴቴም "ለመቅደስ የነገራት ልጄ አይደለችም" ብላ ማለች። ስለዚህ እኔ አልነገርኩሽም፤ ራስሽ ነሽ ያወቅሽው። ሐዋ ደግሞ ስሟን የሰጠችኝ ፈቅዳ ነው። "ዕድሜዬን ብቻ እንዳትነኪ" ብላኝ ነበር፤ አሁን አኩርፋኛለች።

ቀጠሮው ለየካቲት 2 ነው። እጢው ትልቅ ስለሆነ ማህፀኗን በሙሉ ያወጡታል። ክፉ ነገር አይመስልም ብለዋል።

የጀርባውን ግን ተይው፤ አልተሳካም። እቴቴ ሱቁን ለእኔ ጥላ መርካቶን በሙሉ እየዞረች ዋጋ እያጠናች ነው። ከራጉኤል ጀምራ እስከ ሰባተኛ ድረስ፣ ሆዷ ተከፍቶ የሚያውቅ ነጋዴ ሴት አንድ አልቀረችም፤ በየሱቁ እየገባች "አንቺ በየት በኩል ተወጋሽ? ስንት ቀን አመመሽ?" ትላለች። አንዷ "ተኝቼ ነው፣ ምንም አላወቅኩም" ትላታለች። ሌላዋ "ከነቃሁ በኋላ ያየሁትን ጠላቴም አይየው" ትላለች። ጠሂራ ደግሞ ሦስቱንም ልጆቿን በጀርባ ተወግታ የወለደች ናት፤ "ዝናብ ሊመጣ ሲል ወገቤ ቀድሞ ይነግረኛል" ብላ ጨረሰችን። እቴቴ በዚያው ቆረጠች። "ሠላሳ ዓመት የመጋረጃ ጣቃ ተሸክሞ ያልጎበጠ ወገቤን ለአንድ መርፌ አልሰጥም!"

እኔ መከራከር ደክሞኛል። እስቲ አንቺ የሚዋጥ ነገር ጻፊልኝ።

ሐመልማል


ጎጃም፣ ጥር 25

ሐመልዬ፣

የመርካቶ ሴት ሁሉ ተጠየቀች፤ አራት ዓመት ተምሬ፣ በየቀኑ ይሄንኑ ስሠራ የምውለው እኔ ብቻ ሳልጠየቅ ቀረሁ። ይሁን።

ጠሂራን ወገቧን ያሳመማት መርፌው ሳይሆን ሦስት ልጅ አዝላ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ መዋሏ ነው። እቴቴን የተወጋችበት ቦታ ጥቂት ቀን ሊያማት ይችላል፤ ራስ ምታትም ሊይዛት ይችላል። መርፌው ሰውን ጎዳ ሲባል አልሰማሁም ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን እጅግ ብርቅ ነገር ነው። እኔ በወጋኋቸው ላይ አላየሁም።

አሁን የምነግርሽን አጥብቀሽ ያዢልኝ። የሕመም ማስታገሻ የምፈልግላት ስለማሞላቅቃት አይደለም። ሆዷ የተከፈተ ሴት ሲያማት በረጅሙ አትተነፍስም። አትስልም። እንደ እንጨት ደርቃ ትተኛለች። ያን ጊዜ ሳንባዋ ውስጥ አክታ ይጠራቀማል፣ ይመረቅዛል። እቴቴ ደግሞ ድሮም ደረቷ ደካማ ነው። ሕመሙን አትችለውም እያልኩሽ አይደለም። ትችለዋለች። ችላው ነው የምትሞትብን።

ይሄን ለእሷ አታንብቢላት፤ አትሰማሽም። ሐዋን ታረቂያትና ላኪባት። እሷ መንገዱን አታጣውም።

ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም። ሌሊት እየነቃሁ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያለሁ፤ ለምን እንደማይ እንኳ አላውቅም። ጋሼ ካሳን እጄ እስካሁን አልተንቀጠቀጠም በይልኝ።

መቅደስ


መርካቶ፣ የካቲት 5

መቅዲ፣

እልል በይ። ወጥታለች፣ ተርፋለች፣ እጢውም ክፉ አይደለም ተብሏል። በጀርባዋም ተወግታለች።

ያሳመነቻት ሐዋ ናት። ገብታ ስለ ሕመም አንድም ቃል ሳትናገር "እቴቴ፣ ሙሉ በሙሉ ካስተኙሽ ምን እንደሚሠሩብሽ አታይም። በጀርባ ከተወጋሽ ግን ዓይንሽን ገልጠሽ ነው" አለቻት። ታውቂያታለሽ፤ ጨርቅ ሲቆረጥ ዓይኗን ከመቀሱ አትነቅልም። የራሷ ሆድ ሲቆረጥ ልትተኛ ነው? ወዲያው እሺ አለች። ከወጣች በኋላ ግን ተቆጥታ ነበር። "ፊቴ ላይ መጋረጃ ጋረዱብኝ! ያውም ጫፉ ያልተዘመዘመ!"

የመጀመሪያው ቀን ሞርፊኑ እንዳልሽው ነው። አፍንጫዋን ስታክ ከመዋሏ በቀር ሰላም ነበረች፤ ጠያቂ ታስቅ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን ዝም አለች። አትገላበጥም። ተቀመጪ ስትባል "ትንሽ ቆይቼ" ትላለች። ሳሏ ሲመጣ ትውጠዋለች።

አፍራ የምትባል ልጅ እግር ነርስ አለች፤ ፀባይዋ ማር ነው። መጥታ "እትዬ፣ ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አስር ቢቆጥሩት ስንት ነው?" አለቻት። እቴቴ ነርሷን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ሁለት" አለች። አፍራም "ጎበዝ እናት" ብላ ጻፈችና ሄደች። ማታም ሁለት። ጠዋትም ሁለት።

ነገሩ ገብቶኛል። ገዢ ሆናለች! የመርካቶ ሰው መጀመሪያ የልቡን ዋጋ ይጠራል እንዴ? ዝቅ አድርጋ ጠርታ፣ ልጅቷ "ኧረ ይጨምሩ" እስክትላት ትጠብቃለች። አፍራ ደግሞ የተጠራላትን ይዛ ትሄዳለች። ባልስቅ አለቅስ ነበር። አንድ ነገር በይኝ።

ሐመልማል


ጎጃም፣ የካቲት 7

ሐመልማል፣

የሚያስቅ ነገር አይደለም! ሳሏን ትውጣለች ያልሽውን ሳነብ ወንበሩን ለቅቄ ተነሳሁ።

ሻጭ ናት በያት። ዕቃው የእሷ ነው፣ ሕመሙ የእሷ ነው፣ ገዢዋ ነርሷ ናት፤ ከፍ አድርጋ ትጥራ። ያ ካልገባት ደግሞ ቁጥሩን ተዉትና ሐኪሙን "ማስታገሻው በጠየቀች ጊዜ ሳይሆን በሰዓቱ ይሰጣት" ብለሽ ያዢው። እግሩ ላይም ቢሆን ውደቂ። ትራስ ሆዷ ላይ አቅፋ እንድትስል አድርጊያት። ደግፋችሁ አስቀምጧት፣ አስነሷት። ብትቆጣ ትቆጣ፣ ብትሰድብሽ ትስደብሽ። ዝም ብላ ጥሩ ሕመምተኛ ከምትሆን ጮኻ ክፍሉን ብትበጠብጥ እመርጣለሁ።

ዘመድኩንን ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ እንዲነሳ ለምኜዋለሁ።

መቅደስ


መርካቶ፣ የካቲት 11

መቅዲዬ፣

መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው፦ ይሄን ስጽፍልሽ እቴቴ ተኝታለች፣ ትኩሳቷም ወርዷል። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሻጭ ነሽ ስላት ደስ አላት። አፍራ ስትመጣ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አሥራ አምስት!" አፍራ ደነገጠች። "እትዬ፣ ከአስር በላይ የለም።" እቴቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ ሳቋን አፈነችውና "እንግዲያው ላንቺ ስል ሦስት ይሁንልሽ" አለቻት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጋሼ ካሳ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አፍራም ሦስት ብላ ጻፈች። ሐኪሙን ስይዘው "እሷ እኮ ደህና ነኝ ትላለች፤ ወረቀቱም ሦስት ነው የሚለው" አለኝ።

ማምሻውን ትኩሳት ለቀቀባት። አተነፋፈሷ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ግራ ሳንባዋ ነው አሉን። ልክ አንቺ እንዳልሽው። ኦክስጅን አደረጉላት። ጋሼ ካሳ ወደ ራጉኤል ሄደ፤ እኔ አልጋው ሥር ተቀምጬ ያንቺን ደብዳቤ ደግሜ ደግሜ አነበብኩ። ያን ጊዜም አፍራ መጥታ ጠየቀቻት። በዚያ ትንፋሿ፣ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? "ሁለት።" ልጮህባት ምንም አልቀረኝም።

ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የእቴቴን ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ። "ቀረብ በይኝ ልጄ" ትላታለች አፍራን። "የምሬን ልንገርሽ፤ ዘጠኝ ነው። ስተነፍስ አስር ነው። ሆዴን እንደገና የሚከፍቱኝ ነው የሚመስለኝ። ልጄ ስትገባ ግን ሁለት ነው የምልሽ፤ አደራ እንዳታጋልጪኝ። እሷ ከሰማች እዚያ ያለችውም ትሰማለች። እዚያ ያለችው ደግሞ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች።"

መቅዲ፣ እኔ ገዢ ናት፣ ሻጭ ናት እያልኩ ስስቅባት፣ ሴትዮዋ ለካ ከእኔ ነው የምትደብቀው። አፍራ በመጣች ቁጥር ራስጌዋ የምቆመው እኔ ነኝ። ዓይን ዓይኗን የማያትም እኔ ነኝ። ቁጥሩን ያሳነስኩት እኔ ነኝ! በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

አፍራ ሞኝ አልሆነችም፤ አደራዋንም አልበላችም። ለእኔ ምንም ሳትለኝ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄደች። የሰመመን ባለሙያው ሲመጣ እኔን አስወጡኝ። ሦስተኛ ብለሽ የጻፍሽልኝን ነው ያደረጉላት፤ የሆዷን ግድግዳ ግራና ቀኝ ወጓት፣ በዚያ ላይ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሰጥ ማስታገሻ አዘዙላት። ትንሽ ቆይቶ እቴቴ ትራሱን አቅፋ ሳለች። ደግማ ሳለች። የወጣው አክታ የሚታይ አልነበረም፤ ለእኔ ግን እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

አሁን አፍራ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ስልክ ልደውል፣ ውሃ ልቅዳ፣ ሽንት ቤት ልሂድ፤ ሰበብ አላጣም። እቴቴ የገባት ይመስለኛል፤ ግን አንዳችንም አናነሳውም።

ሐመልማል


መርካቶ፣ የካቲት 26

መቅዲ፣

የእቴቴን ምስጢር ከጻፍኩልሽ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው፤ የቀደሙትን ሁለቱን ዘመድኩን እንደታሸጉ መልሶ አመጣልኝ፤ አሁን ከዚህኛው ጋር አብሬ ልኬልሻለሁ። ቤትሽ ተቆልፏል፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ "ወደ ከተማ ሄዳለች" ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም አለኝ። የምን ከተማ? አንቺ ለእናትሽ እንኳ ትተሽው የማትሄጂው ሥራ እንዴት ለከተማ ተተወ?

አኩርፈሽ ከሆነ ልክ ነሽ፤ ግን ስድብም ቢሆን ጻፊ። እቴቴ ቤት ገብታለች። ደግፌያት እስከ በር ትሄዳለች፣ ስትመለስ ከእኔ ቀድማ ነው የምትቀመጠው። ሳሏም ደርቋል። በየቀኑ "መቅደስ ምን አለች?" ትለኛለች። ትናንት ቸግሮኝ ደብዳቤ የመጣ አስመስዬ ከልቤ እየፈጠርኩ አነበብኩላት። ስጨርስ "አጻጻፏ ተለውጧል" አለችኝ።

እህትሽ


ጎጃም፣ መጋቢት 4

ሐመልዬ፣

አላኮረፍኩም። ደብዳቤዎችሽ በሙሉ ደርሰውኛል፤ ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ።

ያ እቴቴ ለአፍራ የተናገረችውን የጻፍሽልኝ የደረሰኝ እዚሁ ሳለሁ ነው። አንብቤው አለቀስኩ። መልስ ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ሳለሁ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ትርፍ አንጀት ነበር። የሚከፍተኝ ሐኪም እዚሁ አለ፤ የሚያደነዝዘኝ ግን ከእኔ ሌላ አልነበረም። በአምቡላንስ ወደ ከተማ ወሰዱኝ። መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ስለዋልን ስንደርስ ፈንድቶ ነበር፤ ስለዚህ ሆዴን መሐል ለመሐል ከፈቱት። እዚያ በጀርባ የሚጨመረው ሞርፊን አልነበረም። አስተኝተው ሠሩኝ፤ ከዚያ ያው የመጀመሪያው መንገድ ነው፣ "አመመኝ" ስትዪ የሚሰጥሽ።

ስነቃ አዋላጃችን አጠገቤ ቆማለች። ከእኛ ሆስፒታል ድረስ አምቡላንስ ውስጥ እጄን ይዛ የመጣች ልጅ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። አምቡላንሱን የነዳው ልጅም ኮፍያውን አውልቆ እግርጌዬ ቆሟል። ያደነዘዘኝ ልጅ ጎንበስ ብሎ "እህቴ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ፤ ከአስር ስንት?" አለኝ።

ሐመልዬ፣ ያን ያህል ጮኼብሽ፣ ወንበር ለቅቄ ተነስቼ፣ ያንቺን ደብዳቤ አንብቤ ሦስት ቀን ሳይሞላኝ፣ የልጅቷን ፊት አየሁና ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? "ሁለት።" እሱም ጻፈና ሄደ። ባለሙያ ናት ብሎ አመነኝ።

አዋላጇና ሾፌሩ እስኪሄዱ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ከዚያ መጥሪያ የለ፣ ጮክ ብዬ ልጣራ ብል ሆዴ አያስጮኸኝ። ጎኔ የተኛች አራስ ናት አልቅሳ ሰው የጠራችልኝ። ስለዚህ እቴቴን ለምን ዋሸሽ ብለሽ እንዳትቆጪያት። እኔ ራሴን ተቆጥቼ ጨርሻለሁ። እዚህ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ገና ሥራ ባልጀምርም፣ ተኝተው ወዳሉት ሴቶች ሄጄ ነበር፤ ከመጠየቄ በፊት ባልን፣ እናትን፣ እህትን፣ ሁሉንም አስወጣሁ። አንዷ በሩ ሲዘጋ፣ ጥያቄውን እንኳ ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመረች።

ይሄን ሁሉ ለእቴቴ አታንብቢላት። ሥልጠና ሄዳ ነበር በያት፤ ወፍራለች፣ ምግቡ ተስማምቷታል፣ ለፋሲካ ትመጣለች በያት። ለጋሼ ካሳም ትንፍሽ እንዳትዪ። ዘመድኩንንም አስምዬዋለሁ።

አንቺ ግን እወቂልኝ። አጠገቤ ስለሌለሽ፣ ፊትሽን ስለማላየው ነው መናገር የቻልኩት። አመመኝ ሐመልዬ። በጣም አመመኝ።

መቅደስ